ሁለት ጊዜ ያሰረኝ ጋቢ

የመጀመሪያው ምልክት ሕመም አልነበረም። የሕመም መጥፋት ነበር።

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች በሸምበቆና በጨርቅ ታስሮ መደብ ላይ ተጋድሟል። ከእስሩ ውጭ የሚታዩት ጣቶቼ ብቻ ናቸው። ቤቱ ሊጠይቁኝ በመጡ ጎረቤቶች ሞልቷል። ሚስቴ ጥሩወርቅ ሙቅ ውሃ ይዛ መጣችና የታሰረውን እግር ጣቶች ማጠብ ጀመረች። እኔ ወሬዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ያንኑ ውሃ በደህናው እግሬ ላይ ስታፈስ ዘልዬ ጮህኩባት።

«ምነው? ያኛውን አላቃጠለህም?» አለችኝ።

«አላቃጠለኝም። ሕመሙም ለቆኛል። እኔ እኮ ብረት ነኝ!» አልኩ፣ ጎረቤቶቼ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጎረቤቶቼ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። የታሰረውን እግር አውራ ጣት በጥፍሯ ቆነጠጠችውና ፊቴን አየች። ፊቴ ምንም አላለም።

ይህን የምጽፈው ሞተር ለሚነዱ ሰዎችና እግራቸው ተሰብሮና ታስሮ በየቤታቸው ለተኙ ሰዎች ነው። የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። በሚስቴ ወንድም በፈንታሁን ተቆጥቼ፣ እግሬን ባሰረው ወጌሻ ተቆጥቼ፣ መንገድ ዳር ቆሞ በሚቀልደው ሰው ተቆጥቼ፣ በራሴ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ተቆጥቼ። ለስላሳ ምክር የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ደምሌ እባላለሁ፤ ያገሬ ሰው አያ ደምሌ ይለኛል። የአስኳላ ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሞተር ያስተማረኝ ግን ራሱ ሞተር ነው። ቤቴ አዘዞ ነው። ከአዘዞ እስከ ትክል ድንጋይ፣ ከዚያም ወዲያ በደጋው ሁሉ፣ የእህል ወፍጮ ሲቆም የሚጠሩት እኔን ነው። ደጅ ቆሜ ድምፁን ሰምቼ የትኛው ዕቃ እንደታመመ እናገራለሁ። ሌላው ፈቶ መግጠም ያቃተውን ሞተር አስነሥቼ፣ ባለቤቱ እያለቀሰ መርቆኛል። ይህን ለመኩራራት አልተናገርኩትም፤ ለመኩራራት ቢሆን ሌላ ብዙ አለኝ። የተናገርኩት የሚከተለውን ስታነቡ «ያልገባው ሽማግሌ ነው» እንዳትሉኝ ነው። ገብቶኝ ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ወፍጮ ቤት ስገባ ከሰላምታ በፊት የምጮኸው አንድ ነገር አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ነጠላሽን ሰብስቢ! አንተ ሰውዬ፣ ጋቢህን ደጅ ስቀል!» እላለሁ። ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ ጋር የሚያገናኝ የሚሽከረከር ጠፍር አለ፤ ቺንጋ እንለዋለን። ቺንጋ የጨርቅ ጫፍ ካገኘ ባለቤቱን ሳይጨምር አይለቅም። ስለዚህ መከለያ የሌለው ቺንጋ ካየሁ መፍቻዬን ከከረጢት አላወጣም። የወፍጮ ባለቤቶች «አያ ደምሌ ነገረኛ ነው» ይሉኛል። ይበሉ።

የራሴ ሞተር ሳይክል ካቴና ግን መከለያ አልነበረውም። የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ሰንሰለት ነው ካቴና የምለው። ፋብሪካው መከለያ አድርጎለት ነበር። ኮረኮንች ላይ ይንኳኳል፣ ዘይት ለመቀባትም አይመችም ብዬ ፈትቼ ጣልኩት። «የፋብሪካ ሰው እኛ መንገድ ላይ ነድቶ አያውቅም» እያልኩም ስቄበታለሁ።

የዚያን ቀን ትክል ድንጋይ አጠገብ የቆመ ወፍጮ አስነሥቼ ወደ ቤቴ ልመለስ ስል፣ እዚያው የሚኖረው የሚስቴ ወንድም ፈንታሁን እኅቱን ሊጠይቅ አብሮኝ ሊሄድ ፈለገ። ሄልሜት ያለኝ አንድ ነው፤ እኔ አጠለቅሁት። እሱ ራሱን በጋቢው ሸፈነ። ሳልነሣ ዞር ብዬ «የጋቢውን ጫፍ ተቀመጥበት» አልኩት። ተቀመጠበት። እዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው።

ዳገቱ ላይ ስንወጣ ዝናብ ያቆመው ገና ነበር። ነፋሱ አጥንት ይበላል። እኔ የለበስኩት ስስ ጃኬት ነው።

«አያ ደምሌ፣ ጀርባህ እኮ ቀዘቀዘ» አለኝ ፈንታሁን።

«አንተ ዝም ብለህ ያዝ!»

«ምነው? ጋቢ እያለ ሰው በብርድ ይሙት?»

ጋቢውን ከመቀመጫው ሥር ስቦ አወጣና በትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፤ ጫፉን በእጁ ያዘ። ሁለታችን በአንድ ጋቢ ሆንን። በእኛ አገር አብሮህ ያለው ሰው ሲበርደው ጋቢህን ታካፍለዋለህ፤ ይህን ያላደረገ ሰው አይባልም። ካቴናው ከጭኔ በስተኋላ እየዞረ መሆኑን አውቃለሁ። መከለያ እንደሌለውም አውቃለሁ። ግን ሞቀኝ። ዝም አልኩ።

ከዳገቱ አናት ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህያ እየነዱ አገኘን። ሁለት ሽበታም ሽማግሌዎች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ሲያዩ ተሳሳቁ። አንዱ «ሙሽሮቹ! ኧረ ሙሽሮቹ መጡ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ሚዜ የላችሁም ወይ?» አለ። ፈንታሁን ቀልድ ከሰማ ሳይመልስ አያልፍም። «ሚዜማ አንተን አጣን!» ብሎ እጁን አነሣ።

የያዘውን ጫፍ ለቀቀው።

ጫፉ ወረደ። ካቴናው ያዘው። ጋቢው አንገቴን ወደ ኋላ ሳበኝ። የኋላው ጎማ ቆመ። ሞተሩ በግራ ወደቀ። ግራ እግሬ ከሥሩ ነበር። ሄልሜቴ አስፋልቱን መታ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ነው የሚመስለው።

ፈንታሁን ሣር ላይ ወደቀ። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ሄልሜት ያላደረገው፣ ጋቢውን የለቀቀው፣ ቀልዱን የመለሰው ሰው አንድ ጭረት እንኳ የለበትም! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እነዚያው የቀለዱብን ሰዎች ሮጠው መጡ። ጋቢውን በማጭድ ቆርጠው ከካቴናው አላቀቁኝ፤ ለዚህ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ግን አንዱ በብብቴ፣ ሌላው በደህናው እግሬ አንሥተው ወደ መንገዱ ዳር ወሰዱኝ። የተሰበረው እግሬ እንደ ኮሮጆ ተንጠለጠለ። ሦስተኛው «ላቅናለት» ብሎ ጎተተው። እዚያ ላይ የጮህኩት ጩኸት አህዮቹን አስበረገገ። ወገኖቼ፣ የወደቀ ሰው ስታገኙ አትጎትቱ። የተሰበረውን እግር ከሁለት በኩል በእንጨት ደግፋችሁ፣ ሳታጠብቁ አሰር አድርጋችሁ፣ ሰውየውን አጋድማችሁ ብቻ አንሡት።

የሚያልፍ መኪና ቆመልን። ሹፌሩ «ሆስፒታል ነው?» ሲል ፈንታሁን ቀደመኝ።

«ሆስፒታል ከገባ ይቆርጡታል። አዘዞ ወጌሻ አለን፤ እጁ ሸጋ ነው።»

ያን ጊዜ ራሴን አልሳትኩም። አፌ አልተያዘም። «ሆስፒታል ውሰደኝ» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ሐኪም ቤት የማያውቀኝ ሰው መሆኔን ስናገር የኖርኩ ነኝ። «ወጌሻ ይበቃኛል» አልኩ።

ስለ ወጌሻው እውነቱን ልናገር። ለወለምታ እጁን የሚተካከለው የለም፤ የብዙ ሰው ቁርጭምጭሚት መልሷል። የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም። ሁለቱም የቅልጥም አጥንቶቼ ተሰብረዋል፤ ሐኪሞች ቲቢያና ፊቡላ የሚሏቸው። እሱ ሸምበቆ ደርድሮ ማሰሪያ ሲፈልግ ፈንታሁን ያንን የተቀደደ ጋቢ ይዞለት መጣ። ቀደዱት። በእሱ አሰሩኝ። ያ ጋቢ ሁለት ጊዜ አሰረኝ።

ወጌሻው መሃል ላይ ቆም ብሎ «አያ ደምሌ፣ ጠበቀብህ?» ሲል ጠየቀኝ። ሰው ያየናል። «ምን ይጠብቃል! እሰር እንጂ!» አልኩት።

አሰረ።

ያደርኩትን አልተርከውም። እግሬ በእስሩ ውስጥ አበጠ። እስሩ አልሰፋም። የምጮኸው ትራስ ነክሼ ነው። ፈንታሁን አጠገቤ ተቀምጦ «አይዞህ፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይለኛል። ሊነጋጋ ሲል ሕመሙ ቀነሰ። ረፋዱ ላይ ጠፋ። ጎረቤት ሲሰበሰብ ያገኘኝ ዳንኩ ብዬ ስፎክር ነው።

ውሃው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ጥሩወርቅ አውራ ጣቴን ቆንጥጣ ፊቴን ካየች በኋላ ጣቶቼን ወደ ብርሃን አዞረች። እንደ አጋም ጠቁረዋል። ቀዝቅዘዋል። ቀና ብላ «ብረትም ይዝጋል» አለችኝ። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ፈንታሁን፣ መኪና ጥራ።»

«ወጌሻው እኮ እንዳይነካ ብሏል...»

«መኪና ጥራ አልኩህ! አለዚያ ይህን ውሃ እደፋብሃለሁ!»

ጠራ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ዶክተር ናት። ሰላምታ አልሰጠችም፤ መቀስ አንሥታ እስሩን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። እግሬ አብጦ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጣቶቼን ነካች። «ይሰማዎታል?» አለች። አልተሰማኝም። «ጣትዎን ያንቀሳቅሱ» አለች። ጣቴን ለዘመናት ሳዘው ኖሬያለሁ። አልታዘዘኝም።

«ኮምፓርትመንት ሲንድረም ይባላል» አለችኝ። «ጡንቻው በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ነው ያለው። አጥንት ሲሰበር ጡንቻው ያብጣል። ከውጭ ደግሞ በእስር ሲጨመቅ መሄጃ ያጣል፤ ደም ማለፍ ያቅተዋል። ሕመሙ የጠፋው ስለ ዳኑ አይደለም፣ አባት። ነርቩ እየሞተ ስለሆነ ነው።»

እኔ በዚያ ሕመም መጥፋት ስፎክር ነበር የዋልኩት።

«አትቆርጡትም!» ብዬ ጮህኩ። «ያለ እግር ከምኖር ግደሉኝ!»

«የምቸኩለው እንዳልቆርጠው ነው። እርስዎ ሲከራከሩኝ እግሩ ይሞታል። ልሥራ ወይስ ልከራከር?»

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። እኔ ወፍጮ ቤት የምናገርበት ድምፅ ነው። እንዲህ ሲናገሩኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«ሥሪ» አልኳት።

ፋሲዮቶሚ የሚሉትን ሠራችልኝ። ቅልጥሜን በግራና በቀኝ በረጅሙ ሰንጥቀው እብጠቱ እንዲተነፍስ ክፍት ተዉት። አጥንቱን ከውጭ በሚታሰር ብረት ደገፉት፤ ኤክስተርናል ፊክሳተር ይሉታል። ስነቃ እግሬ አለ። ቆጠርኩት፣ ሁለት ነው። ግን አልዳነም። የሞተ ጡንቻ ነበር። በየጊዜው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እየመለሱ የሞተውን ያወጣሉ። ጠዋት ጠዋት ዶክተሯ ታየዋለች። ትነካዋለች። «ነገ አይተን እንወስናለን» ትላለች። ትሄዳለች። እኔ እስከ ነገ እጠብቃለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ትንንሽ ጣቶች ወሰዱ። እግሩን ተዉልኝ።

የተኛሁበት ክፍል በሞተር በወደቁ ሰዎች የተሞላ ነበር። ከፊት ለፊቴ የተኛው ጎልማሳ ሄልሜት ነበረው፤ ሲወድቅ ክንዱ ላይ ነበር የሰቀለው። ክርኑ ደህና ነው። ራሱ ግን ተጎድቶ እናቱን «አንቺ ሴትዮ ማነሽ?» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሄልሜት ክርኑ ላይ ያንጠለጠለ ነጂ ባየሁ ቁጥር ድንጋይ ያምረኛል። ክርንህ ምን ያስባል? ራስህ ላይ አድርገው!

ጠያቂዎች ይመጣሉ። «ተመስገን በል፤ እግዜር ያመጣው ነው» ይሉኛል። አንድ ቀን ሞልቶ ገነፈለብኝና «እግዜር የካቴናዬን መከለያ አልፈታም! እኔ ነኝ የፈታሁት!» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ጎረቤቴ አማትባ ወጣች። አልጸጸትም። ስህተታችንን ሁሉ ወደ ላይ እየወረወርን ታች ማን ያስተካክለው?

ፈንታሁን በየቀኑ ምግብ ይዞ ይመጣል። ይቀመጣል። አላናግረውም። አንድ ቀን «አያ ደምሌ፣ ስደበኝ እንጂ ዝም አትበለኝ» ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። ለስድብ እንኳ አላበቃሁትም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ ወደ ደህናው አዘነበለ። ክፍቱ ቁስል ሥጋ ሲሞላ ከጭኔ ስስ ቆዳ ወስደው ሸፈኑት፤ ከወራት በኋላም ፊክሳተሩን አወለቁልኝና በሁለት ክራንች፣ ቆይቶም በአንድ፣ መጨረሻ ላይ በከዘራ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ደርሼ መመለስ ጀመርኩ። የእግሬ መዳፍ ግን ወደ ላይ አልነሣ ብሎ መሬት መሬቱን ይጎተታል፤ ይህን ፉት ድሮፕ እንደሚሉት የነገረኝ ፊዚዮቴራፒ የሚያሠራኝ ባለሙያ ነው፤ በየቀኑ ሳልሰለች እንድሠራው ያዘዘኝን ሁሉ እያማረርኩም ቢሆን ሠራሁት፤ እኔ የጀመርኩትን ሥራ ትቼ አላውቅማ።

እቤቴ ተቀምጬም እጄ አልቦዘነም። ከአሮጌ ካላማዳሪያ፣ ጎማ ውስጥ አየር ከሚይዘው፣ ቀጭን ላስቲክ ቆርጬ፣ ከጫማዬ አፍንጫ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወጥሬ፣ የእግሬን መዳፍ ቀና የሚያደርግ ማሰሪያ ሠራሁ። ለባለሙያው በኩራት አሳየሁት። ገለበጠውና «ሸጋ ነው» አለ። «ሲተኙ ግን ይፍቱት። እንዳያጠብቁትም። እስር ይወዳሉ መሰለኝ።» ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሕመምተኛ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከወደቅሁ ወዲህ የሳቅሁት የመጀመሪያ ሳቅ ይመስለኛል።

ዶክተሯ በራጂ አይታ አጥንቱ መግጠሙን ስታረጋግጥና መንዳት እንደምችል ስትነግረኝ፣ ሌላ ጣጣ ተገኘ። የሞተር ሳይክል ማርሽ በግራ እግር ጣት ከሥር ወደ ላይ ይነሣል፤ የእኔ ጣት ደግሞ አያነሣም። ስለዚህ የማርሹን መርገጫ ወደ ኋላ አስረዝሜ ተረከዝ የሚረግጠው ሁለተኛ ጫፍ በየድኩለት። አሁን ጣቴ ያቃተውን ተረከዜ ይሠራዋል። ከዚያ በፊት ግን፣ ከሁሉ በፊት፣ ከወፍራም ላሜራ የካቴና መከለያ ቆርጬ ገጠምኩ። ይንኳኳል። ይንኳኳ።

አሁን ምክሬን ስሙ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ስካርፍ፣ የተንዘረፈፈ ካፖርት ይዛችሁ ሞተር ላይ አትውጡ፤ ከኋላ የሚቀመጠውንም አታውጡ። ፋብሪካው የገጠመውን መከለያ አትፍቱ። አጥንት ከተሰበረ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የታሰረ እግር ሕመሙ እያደር ከባሰ፣ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ እስሩን እዚያው አላሉትና ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ከሁሉ በላይ ሕመም ድንገት ሲጠፋ አትፎክሩ። «ጠበቀብህ?» ያላችሁን ሰው ደግሞ እውነቱን ንገሩት፤ ሰው እያየም ቢሆን።

ምስጋናዬ ለጥሩወርቅ ነው፤ ውሃዋ ስለ ፈጀ። ለዶክተሯ ነው፤ ሰላምታ ስላልሰጠችኝ። ጋቢውን በማጭድ ለቆረጡልኝ ሰዎችም ነው፤ ቀልዳቸውን ግን ይቅር አላልኩም።

የፈንታሁን ነገር ቀርቶኛል። እንደገና መንዳት በጀመርኩ ሰሞን ወደ ትክል ድንጋይ ወፍጮ ልጠግን ስነሣ፣ እኅቱን ብሎ እኛ ቤት አድሮ ነበርና አጥሩ ሥር መጥቶ ቆመ። አዲስ ጋቢ ለብሷል። ውሰደኝ አላለም።  እስከዚያ ቀን ያስቀየመኝን ሰው አስታራቂ ሳይገባ አናግሬ አላውቅም ነበር።

«ሞተሩ ላይ ውጣ» አልኩት።

ጋቢውን በደረቱና በወገቡ ዙሪያ ጠምጥሞ፣ ሽማግሌ በጌታ ፊት እንደሚያደርገው አጥብቆ ቋጠረውና «ይኸው አደግድጌአለሁ» አለ።

«ለንጉሥ ያደገድጉለታል፤ ለካቴና ግን ያወልቁለታል። ስቀል!»

በበሩ ምሰሶ ላይ ሚስማር መትቼ ነበር። ሰቀለው። አሮጌውን ወፍራም ካፖርቴን ወገብ ድረስ አሳጥሬው ነበር፤ እሱን አለበስኩትና እስከ አንገቱ ቆለፍኩለት። ለእሱ ያዘጋጀሁትን ሁለተኛ ሄልሜት ራሱ ላይ ደፋሁና ማሰሪያውን በእጄ ቋጠርኩ። ተነሣን።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ያ ነፋስ መጣ።  ፈንታሁን በቀስታ ተናገረ።

«አያ ደምሌ... ጀርባህ ቀዘቀዘ።»

«ይቀዝቅዝ!» አልኩት።